ክረምት ላይ የትኛው ተራራ ይሻላል? እንጦጦ፣ የካ፣ ወጨጫ፣ የረር ወይስ ፉሪ

ተራራ ለመውጣት የሚያስቡ የአዲስ አበባ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ከፍታን ነው፤ አለዚያም ከአናቱ ላይ የሚታየውን። በበጋ ይህ ያስኬዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ግን መወዳደር ያለበት መውጫው ሳይሆን መመለሻው ነው። ጠዋት በአንድ እርምጃ የተሻገራችሁት ጅረት ከቀትር በኋላ ያሳልፋችኋል ወይ? የወጣችሁበት ቀይ አፈር ዝናብ ከጠጣ በኋላ ያስወርዳል ወይ? መኪናው የቆመበት መንገድስ? በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ተራሮች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡት መልስ በጣም የተለያየ ነው። ከፍ ያለው ሁልጊዜ አደገኛው አይደለም፤ ዝቅ ያለውም ሁልጊዜ የዋህ አይደለም።

በአልፕስ ተራሮች በበረዶው ወቅት የሚወጣ አውሮፓዊ ጠዋት ተነስቶ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ያነባል። አደጋው ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ ተለክቶ፣ በየትኛው ከፍታና ወዴት በዞረ ተዳፋት ላይ እንደሚበረታ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ለእንጦጦ ወይም ለየረር እንዲህ ያለ ነገር ጠብቃችሁ ከቤት እንዳትዘገዩ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ዝናቡ የት እንደሚበረታ ይነግራል፤ የምትረግጡት ተዳፋት ምን ያህል ውሃ እንደጠገበ ግን አይነግርም። ደረጃውን የሚያወጣው ተጓዡ ራሱ ነው፤ በዓይኑና በእግሩ።

ምንን እያወዳደርን ነው?

በመብረቅ እንጀምር፤ በዙሪያችን ያሉት ተራሮች በሙሉ የሚጋሩት አደጋ እሱ ነውና። የክረምት ጠዋት ብዙ ጊዜ ገር ነው። ደመናው የሚከመረው ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ስለሆነ፣ ነጎድጓዱ የሚበዛው ከቀትር ወዲህ ነው። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስቶ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከአናቱ መውረድ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ብልጭታ ካያችሁ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 30 ሳትሞሉ ነጎድጓዱን ከሰማችሁ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቃችሁም። ሸንተረሩን መልቀቅ ያለባችሁ ያን ጊዜ እንጂ ጠብታው ጃኬታችሁን ሲመታ አይደለም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የቆየ ልማዳችን ነው፤ የቆየ ስሕተታችንም ነው። በገላጣ ሸንተረር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ መቆምም ከዚያ የሚሻል አይደለም። የሚያዋጣው ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ፣ እርስ በርስም ተራርቆ መሄድ ነው።

ቅዝቃዜን ብዙዎች ይንቁታል። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ግድም ላይ ነው፤ እንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ቦሌ ላይ 16 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 10 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ነፋሱና የራሰው ልብስ ሳይታሰብ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን የሚያህለው የለም፤ ከረጠበ ግን ጥጥ ነውና ሙቀት መያዙን ትቶ ክብደት ይሆናል። የሱፍ ሹራብ ርሶም ቢሆን ከጥጥ ይሻላል። ከጓደኞቻችሁ አንዱ እየተንቀጠቀጠ ንግግሩ መጎተት ከጀመረ፣ ጣቶቹም ዚፕ መዝጋት ካቃታቸው ጉዞው እዚያ ላይ አብቅቷል። ደረቅ ልብስ፣ ጣፋጭ ሻይ፣ ከዚያ ወደ ታች።

ሦስተኛው መሬቱ ራሱ ነው። የዝናብ ውሃ ወደ አፈር ሲሰርግ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አፈሩን ያከብደዋል፣ ቅንጣቶቹን የሚያያይዘውንም ሰበቃ ይቀንሳል። ተዳፋቱ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ይናዳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው በአንድ ናዳ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደርቦ ቀበረው። የአዲስ አበባ ዙሪያ እንደዚያ ሥፍራ የቆመ ገደላማ አይደለም፤ ነገር ግን የተናደ ተዳፋት ዳግመኛ ሊናድ መቻሉ እዚህም ያው ነው። በተዳፋት አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ወዳንድ ወገን ያዘመመ ዛፍ ወይም አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ዝናቡ ሳያቆም ድንገት የጎደለ ጅረት ካያችሁ አቋርጣችሁ ለመሄድ አታስቡ፤ በመጣችሁበት ተመለሱ። ጅረቱ የጎደለው ከላይ ናዳ ገድቦት ሊሆን ይችላል፤ የተገደበ ውሃ ደግሞ ሲለቀቅ አያስጠነቅቅም።

እንጦጦ፦ ለጀማሪ የሚሻለው፣ ከመንገዱ ካልወጣ

ክረምት ላይ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ለአብዛኛው ሰው እንጦጦን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ውበቱ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ አስፋልት ስለሆነና ለመመለስ ወንዝ መሻገር ስለማያስፈልግ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክም የተሠሩ የእግር መንገዶችና መጠለያ የሚሆኑ ቤቶች አሉት። ሰማዩ ፊቱን ካጠቆረ ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና መግባት ይቻላል፤ መብረቅን በተመለከተ ከዚህ የሚበልጥ መጠለያ የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገባ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ይህን ተራራ ሸፍኖታል። ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ነው፤ ሥሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ራቁት ነው። ሣርና ቁጥቋጦ ብዙም አይበቅልበትም፤ የወደቀውን ቅጠልም ለማገዶ ጠርገው ይወስዱታል። ስለዚህ ዝናቡ ከመስረግ ይልቅ በላዩ ይሮጣል፤ ቦይ እየቆፈረ፣ ቀዩን አፈር እያለሰለሰ። ያልተጠረገው ቅጠልም ሲርስ ያዳልጣል። በነፋስና በበረዶ ጊዜ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ በረዶ ሲዘንብ ቦርሳን ጭንቅላት ላይ አድርጎ ከዛፎቹ መካከል መውጣት እንጂ ከግንድ ጋር መለጠፍ አይጠቅምም።

እንጨት የተሸከሙ እናቶች በዚያ ድጥ ሲወርዱ ያየ ሰው መንገዱ ቀላል ይመስለዋል። አቋራጩ የእነሱ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ በእግር ብዛትም ተልጓል። የትኛውን ድንጋይ እንደሚረግጡ፣ የት ላይ ወደ ጎን እንደሚሉ ያውቁታል። እኛ አናውቀውም። «እናቴ፣ ይህ መንገድ ዛሬ ያስወርዳል?» ብሎ መጠየቅ ከስልክ ካርታ የተሻለ መረጃ ያስገኛል። ካርታው መስመሩን እንጂ ጭቃውን አያሳይም።

ሌላ የማይታሰብ ነገር አለ። ቀበናን የመሳሰሉት የከተማዋ ወንዞች የሚነሱት ከዚህ ተራራ ነው። እንጦጦ ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ጎርፉ ግን ወደ ፀሐዩ ይወርዳል። ስለዚህ «እንጦጦ ዘንቧልና ዛሬ በወንዙ ሸለቆ እንሂድ» የሚል አማራጭ አማራጭ አይደለም። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ ቁርጭምጭሚትን አልፎ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል፤ ከደፈረሰ ደግሞ የምትረግጡትን አታዩም።

የካ፦ ለግማሽ ቀን

የካ ከእንጦጦ ጋር የሚያያዝ ሸንተረር ነው፤ ብዙ ሰው የሚወጣው ከዐለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ለማየት ነው። ጥቅሙ አጭር መሆኑ ነው። ሰማዩ ሲለወጥ በፍጥነት ወደ ሰፈር ትደርሳላችሁ። ከእንጦጦ ፓርክ ጋር ሲነጻጸር ግን የተሠራ መንገዱ ትንሽ ነው፤ መሬቱም ያው ባሕር ዛፍና ቀይ አፈር ነው። ሰው የማይበዛበት ስለሆነ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ይህን የምለው ለዝናቡ ብቻ አይደለም። እንጦጦን ለለመደና ጠዋት ብቻ ጊዜ ላለው ሰው የካ በቂ ነው።

ወጨጫና መናገሻ ሱባ፦ አንድ ተራራ፣ ሁለት መልስ

ወጨጫ 3,391 ሜትር ነው፤ እዚህ ከምናወዳድራቸው ሁሉ ከፍተኛው። በከፍታ ብቻ የሚፈርድ ሰው ክረምት ላይ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሱን ነው። እኔ ግን የተራራውን ምዕራባዊ ወገን፣ ማለትም የመናገሻ ሱባን ደን፣ ከእንጦጦ ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ፤ ልምድ ላለው ሰው እንዲያውም ከእንጦጦ አስቀድመዋለሁ።

ምክንያቱ ዛፉ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ይህ ደን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ጥበቃ ሲደረግለት ኖሯል። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ዛሬም ቆመዋል፤ ከፍ ሲሉ ኮሶና አስታ ይመጣሉ። በእንዲህ ያለ ደን ሥር የበሰበሰ ቅጠልና ሣር አለ፣ ጥልቅ ሥርም አለ። ዶፉ መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ይሰበራል፣ ከዚያ ወደ አፈሩ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ቦይ የሚቆፍረው ያው ዝናብ እዚህ መሬቱን ያርሰዋል እንጂ አይገፈውም። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል እያዩ በእርጥብ ደን ውስጥ መሄድ የክረምት ደስታ ነው፤ በበጋ አቧራ ውስጥ አይገኝም።

አሁን ደግሞ በሰበታ በኩል ያለውን ገላጣ ፊት ተመልከቱ። ደኑ የተመነጠረበትና የታረሰበት ተዳፋት ነው። ተራራው ያው፣ ዝናቡ ያው፤ መሬቱ ግን ሌላ ነው። ቦረቦሩ በየዓመቱ ይሰፋል፤ ከዳገቱ የተገፈፈው አፈር ከግርጌው ይከመራል። ክረምት ላይ በዚህ በኩል ወደ አናቱ መውጣትን አልመክርም፤ በተለይ ነሐሴ ውስጥ። «ወጨጫ ሄድኩ» የሚል ሰው ምክር ከሰጣችሁ በየት በኩል ብላችሁ ጠይቁት።

ሱባም ቢሆን የራሱ ዋጋ አለው። ጉም ሲወርድ ደኑ ውስጥ አሥር እርምጃ ርቆ ያለ ሰው አይታይም፤ መንገዱ ከተሳተ ተራራው ሰፊ ነው። ከደኑ መግቢያ መንገድ መሪ መያዝ ገንዘብ ማባከን የሚመስላቸው አሉ፤ በበጋ እንከራከር ይሆናል፣ በክረምት አልከራከርም። ከዋናው መንገድ ወደ ደኑ የሚያስገባው ጥርጊያ ዝቅተኛ መኪናን ሊያስቀር ይችላል፤ እዚህ ላይ መመለሻው የሚወሰነው በእግራችሁ ሳይሆን በጎማችሁ ነው። ወደ ሱባም ሆነ ወደ የረር ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ በዚያው ከሚኖር ሰው አጣሩ። አናቱን ደግሞ ለጥቅምት ተዉት። ዛፉ አጥሮ አስታው ሲበዛ ያ የክረምት ጉዟችሁ ጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ከመብረቁ ጋር የምትገናኙት ያለ ከለላ ነው።

የረር፦ እስከ ኅዳር ይቆይ

የረር 3,100 ሜትር ያህል ነው፤ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ለብቻው ቆሞ ሲታይ ያጓጓል። ከእንጦጦ ይልቅ በዚህ አቅጣጫ ዝናቡ ስለሚቀንስ ክረምት ላይ የተሻለ ምርጫ የሚመስላቸው ሰዎች ያጋጥሙኛል። ዝናቡ ሲቀንስ ጭቃው ይብሳል ብል አያምኑኝም። ግርጌው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጫማ ላይ ተለጥፎ በየእርምጃው እየወፈረ ይሄዳል። ከእንጦጦ ቀይ አፈር ሸሽቶ ወደዚህ መምጣት በትክክል ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ከዚህም ሌላ ሐምሌ ገበሬው ጤፍ የሚዘራበት ወር ነው። ጭቃውን ለመሸሽ የማሳውን ዳር የያዘ ቡድን ሳይታወቀው የሰው እንጀራ ይረግጣል። ተራራው ላይኛው ክፍል ድንጋያማ ስለሆነ መውጣቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከባዱ እስከዚያ መድረስና ደክሞ መመለስ ነው። ኅዳር ላይ ዋልካው ሲጠነክር የረር ከሁሉም በፊት የምሄድበት ተራራ ነው። በክረምት አልመርጠውም።

ፉሪ፣ ዝቋላም

ፉሪ 2,839 ሜትር ነው፤ በደቡብ ምዕራብ ከከተማው ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። አጭር ነው፣ ለቤት ቅርብ ነው፣ ልጆች ይዞ በዝናብ መካከል ባለች ደረቅ ጠዋት ለመውጣት ይሆናል። በዝናብ ጊዜ የቤት መሠረት የተቆፈረበትንና አፈር የተቆረጠበትን ተዳፋት ከሥሩ አትለፉ። ስለ ፉሪ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ዝቋላ ከከተማዋ ዳርቻ ይርቃል፤ ይሁንና ሰው ስለሚጠይቅ ላንሳው። የአቦ ክብረ በዓል መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ቀን ስለሚውል ምእመናኑ ተራራውን የሚወጡት ከክረምት ውጭ ነው። እናንተም እንደ እነሱ አድርጉ።

ወሩም ይመረጣል

ሰኔ ላይ የሚያሳስበኝ ሰማዩ ነው። መሬቱ ገና አልጠገበም፣ ነጎድጓዱ ግን ቸኩሏል። ስለዚህ በሰኔ ከለላ ያለውን የፓርኩን መንገድ ወይም የሱባን ደን እንጂ ሸንተረር አልመርጥም። ነሐሴ ላይ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው፤ የሳምንታት ዝናብ ተጠራቅሞ ስለሚገኝ ያንን ቀን ባይዘንብ እንኳ ተዳፋቱ ሊሄድ ይችላል። «ዛሬ ፀሐይ ነው» የሚለው ማስረጃ በነሐሴ ዋጋ የለውም። ላለፉት ሦስት ቀናት ምን ያህል እንደዘነበ መጠየቅ ይሻላል። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ለብሶ ይጠራል፤ ጅረቶቹ ግን ገና ሙሉ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ የሚመጣው ዝናብም አልተሰናበተም።

ጫማን በተመለከተ ክርክር አለ። የላስቲክ ቦት ጫማ ለዋልካና ለጅረት ዳር ይረዳል፤ በእንጦጦ ቁልቁለት ግን ቁርጭምጭሚት ስለማይይዝ እግር ውስጡ ይዋልላል። የስፖርት ጫማ ቀላል ነው፤ ሶሉ ለስላሳ ከሆነ ግን በቀይ አፈር ላይ ምንም አይነክስም። ሶሉ በጥልቀት የተቦረቦረ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ካላችሁ እሱ ይሻላል። ከሌላችሁ የአስፋልቱን መንገድ ምረጡና ያላችሁን ተጫሙ፤ ለመንገዱ ጫማ ከመግዛት ለጫማው መንገድ መምረጥ ይረክሳል። ዱላ ግን ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ጥልቀት ለመለካትም ያገለግላል። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው፤ ከከተማዋ ወሰን ውጭ ስትሆኑ ግን ቀድሞ የሚደርስላችሁ የአካባቢው ሰው ስለሆነ ስትወጡ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ወዴት እንደምትሄዱ ተናግራችሁ እለፉ።

በረዶ አገር ለሚሄዱ

ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሌላ በረዶ ያለበት ተራራ ከመሄዳቸው በፊት እንጦጦ ላይ የሚለማመዱ አሉ። ለሳንባ ጥሩ ነው፤ 3,200 ሜትር ላይ መሮጥ የለመደ ሰው አልፕስ ላይ ትንፋሽ ብዙም አያጥረውም። የበረዶ ናዳን ግን እዚህ መለማመድ አይቻልም። እኛ አገር ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሰው ራስ ዳሽን እንኳ በረዶ ጣል የሚያደርግበት አልፎ አልፎ ነው፤ የእንጦጦ በረዶም ወርዶ ነጭ ካደረገ በኋላ ወዲያው ይቀልጣል። የበረዶ ናዳ የሚመጣው ሳምንታት እየተደራረበ ከሚቆይ በረዶ ነው፤ ከሥር ደካማ ንብርብር ይኖራል፣ በላዩ ጠንካራ ንብርብር ይጫናል፣ ከዚያ የሰው ክብደት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። በብዛት የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያጋደለ ተዳፋት ነው፤ በአብዛኞቹ ገዳይ አደጋዎችም የሚቀሰቅሰው ራሱ ተጓዡ ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው።

እዚያ ስትደርሱ በ1 እና በ5 መካከል ምረጡ ብትባሉ 3 ቁጥር መካከለኛ መስሎ ያታልላል፤ በደረጃው አጠራር «ጉልህ አደጋ» ማለት ነው፣ ለጀማሪም ከገደላማ ተዳፋት ርቆ መቆየትን ይጠይቃል። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍተኛ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች ከወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሩቅ የሚደርስ ነፍስ አዳኝ የለም፤ የሚያወጡት አብረውት የሄዱት ናቸው። ለዚህም የሬዲዮ ምልክት ማስተላለፊያና መቀበያ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግና አካፋ በእያንዳንዱ ተጓዥ ላይ መኖር አለባቸው። ሦስቱም በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ብቻ ካሉና የተቀበረው እሱ ከሆነ ቀሪዎቹ በባዶ እጅ ይቀራሉ። መሣሪያውን ተከራይታችሁ በዚያው ቀን አትውጡ፤ መጀመሪያ ከአሰልጣኝ ጋር ሜዳ ላይ ቀብራችሁ ፈልጉት።